«እንመለስ» ያለችው ልጅ

ከሰኞ እስከ ዓርብ ሕንፃ ሳይት ላይ ፎርማን ነኝ። ቅዳሜ ደግሞ ኮተቤ አካባቢ ያለ አንድ የስካውት ቡድን ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ልጆቹ ከ13 እስከ 16 ዓመት ናቸው፤ ሴትም ወንድም አሉበት። የምጽፈው ሚያዝያ ውስጥ፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረ ቅዳሜ ስለገጠመን ነገር ነው። ማንም አልተጎዳም። እንዲያውም ምንም አልሆነም ማለት ይቻላል። ጣጣው የመጣውም ምንም ስላልሆነ ነው።

ስካውትን በደንብ ልብስና በስካርፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። ሌላው የሚታወቀው በግራ እጅ መጨባበጣቸው ነው፤ ለዚህ ነገር አዲስ የሆኑ እናቶች ደንገጥ ሲሉ አይቻለሁ፣ እኛ ዘንድ ግራ እጅ ለሰው አይዘረጋማ። የነገሩ እምብርት ግን ፓትሮል የሚሉት ነው። ስድስት ሰባት ልጆች አንድ ላይ ይሆናሉ፤ መሪያቸውም ከራሳቸው መሃል ነው። የስካውት መሥራች ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 እንግሊዝ አገር ብራውንሲ ደሴት ላይ 20 ያህል ልጆችን ይዞ ሲሰፍር በአራት ፓትሮል ከፈላቸው። የሀብታም ልጅም የሠራተኛ ልጅም ነበረበት። የእያንዳንዱ ፓትሮል መሪም ልጅ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም የሚሠራበት በዚሁ መንገድ ነው።

ታዲያ አዋቂው ምን ይሠራል? እኔና አብራኝ የምትረዳው ነርስ ገና ስንጀምር ተነጋግረን የተስማማንበት ነገር አለ። እሳት፣ ወንዝ፣ የመኪና መንገድ፣ መብረቅ፣ ከቡድን ተነጥሎ የቀረ ልጅ፤ በእነዚህ ላይ ማንንም ሳንጠብቅ እንናገራለን። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው ዞር አይልም፤ ልጁ ምስጢር ማውራት ቢፈልግ እንኳ ሌሎቹ በሚያዩን ቦታ ነው የምንቀመጠው። የቀረው ሁሉ የልጆቹ ነው። መንገዱን እነሱ ይመርጣሉ፣ ምግቡን እነሱ ያስባሉ፣ ማን ምን እንደሚሸከም እነሱ ይከፋፈላሉ። ወጡ ጨው ቢያንሰውም የእነሱ ወጥ ነው።

ለዚያ ቅዳሜ ያሰቡት የካ ተራራ ላይ ወጥተው፣ ዋሻ ሚካኤልን አይተው፣ እዚያው አካባቢ ምሳ አብስለው መብላት ነበር። ዋሻ ሚካኤል ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጣሪያው ፈርሷል። ከሩቅ አገር ሰው ላሊበላን ሊያይ ይመጣል፣ የኮተቤ ልጅ ግን ከቤቱ በላይ ያለውን አያውቀውም። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል።

የምግቡ ክርክር ግማሽ ቀን ፈጀ። አንዱ የባቄላ ንፍሮ አለ። የፓትሮሏ መሪ 15 ዓመቷ ነው፤ ፊዚክስ ትወዳለች። «እዚያ ላይ ባቄላ ብንጥድ እስኪመሽ አይበስልም» አለች። እውነቷን ነው። ከባሕር ጠለል አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ3 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ከ2,600 ሜትር በላይ ስንሆን ውሃው 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይንተከተካል፤ የፈላ ይመስላል እንጂ ጥሬውን ለማብሰል ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ ምስር ክክ ተመረጠ። እሳት እንደማይነድም ራሳቸው ወሰኑ። በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ እሳት መጫወቻ አይደለም፤ ቅጠሉ ዘይት አለው። ትንሽዬ ቡታጋዝ ያዙ። በማስታወሻቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር፣ 907፣ በትልቁ ተጻፈ።

የዚያን ቀን ከወላጆች አንዱ አብረውን ወጡ። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው። ትልቁን ድስት ከልጆቹ ተቀብለው የተሸከሙት እሳቸው ነበሩ።

ሰባት ሰዓት ገደማ ላይ ድስቱ ተጥዷል። ሽንኩርቱ ቁሌቱ ሸቷል። በሰንዳፋ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ በላያችን ግን ፀሐይ ነው። ሩቅ ብልጭ አለ። መሪዋ ወዲያው ሰዓት ወደያዘው ልጅ ዞረች፤ ልጁም ቆጠረ። ነጎድጓዱ ከ24 ሰከንድ በኋላ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ብልጭታ። 18 ሰከንድ። ልጁ ሁለቱንም ጻፈ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስምንት ኪሎ ሜትር የነበረው ስድስት ሆኗል ማለት ነው። በብልጭታውና በድምፁ መካከል ከ30 ሰከንድ ካነሰ ገላጣ ቦታና ረጅም ዛፍ ሥር አይቆምም፤ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ይገባል። መብረቅ ዝናቡ ካለበት 10 ኪሎ ሜትር ርቆም ሊወርድ ይችላል።

«እንመለስ» አለች። «ቡታጋዙን አጥፉ፣ ድስቱን ክደኑ፣ እንውረድ።»

አባትየው ሳቅ አሉ። «ኧረ ባክሽ ልጄ፣ ይሄ እኮ ወዲያ ማዶ ነው። ያልፋል። ምስሩ ሊደርስ ነው።»

ልጆቹ ቀና ብለው እኔን አዩ። እሷም አየችኝ። ከዚያ እኔ መልስ ሳልሰጥ ወደ እሳቸው ዞረች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን እንወርዳለን።» ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

እኔ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «መሪዋ ወስናለች፤ እኔም እስማማለሁ። ተነሡ።» ነርሷ ቀድማ የሕክምና ቦርሳዋን አንግታ ነበር።

ወረድን። ታች ያለ ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ለመንናቸው፣ የሰንበቴውን አዳራሽ ከፈቱልን። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ አለብን፤ ጠበቅን። ዝናቡ ግን ወደ እኛ አልመጣም። ማዶውን ይዞ ሄደ። የካ ተራራ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደም። ከአዳራሹ ስንወጣ ፀሐይ ፏ ብላለች፣ ተመልሶ ለመውጣት ግን መሽቶብናል። ያልበሰለ ምስር፣ ዳቦና ሙዝ ይዘን ቀረን። ዋሻ ሚካኤልንም ሳናየው።

የዚህን ጊዜ ማጉረምረም ተጀመረ። «ለዚህ ነው ያወረድሽን?» «ፈሪ።» አባትየው ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን እሳቸውም «ብያችሁ ነበር» አሉ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ወደ እኔና ወደ ነርሷ መጥታ፣ «ጋሼ፣ መሪነቱን ለሌላ ሰው ይስጡት» አለችኝ።

በሳይት ላይ ይሄን ፊት አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ኮንትራክተር ዘንድ የመሠረት ቁፋሮ ላይ ነበርን። አንድ የቀን ሠራተኛ የጉድጓዱ ግድግዳ ሲሰነጠቅ አየና ጮኸ፤ ሁሉም ወጡ። ግድግዳው በዚያ ቀን አልተናደም። ኃላፊው የግማሽ ቀን ሥራ አስፈታህ ብሎ ከደመወዙ ቆረጠበት። ከዚያ ወዲያ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ አፉን የሚከፍት ሰው ጠፋ። ስንጥቅ እያዩ ዝም ይላሉ። እኔ ግድግዳ ከመናዱ ይልቅ ያንን ዝምታ እፈራለሁ። እዚያ አዳራሽ ደጃፍ ላይ እየሆነ የነበረውም ይኸው ነው። ያቺ ልጅ በዚያ ቀን አንገቷን ደፍታ ብትሄድ ኖሮ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስድስት ሰከንድ ላይም ዝም ትል ነበር። ሌሎቹም ከእሷ ይማሩ ነበር።

ክብ ሠርተን እንድንቀመጥ ጠየቅኩ። ከጉዞ በኋላ ሁሌም እንቀመጣለን፤ ልጆቹ ለምደውታል። ምክር አልሰጠሁም። ሰዓት የያዘው ልጅ የጻፈውን እንዲያነብ አደረግኩ። 24። 18። «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አሰሉት። «እየቀረበ ነበር እየራቀ?» እየቀረበ። ከዚያ ዋናውን አጉረምራሚ ጠየቅኩት።

«ያኔ፣ ድስቱ አጠገብ ቆመህ፣ ዝናቡ ወዲያ እንደሚሄድ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እሷስ?»

«እሷም አታውቅም።»

«ታዲያ በምን ትወስን?»

ዝም አለ። ከዚያ ራሱ፣ «በአስራ ስምንቱ» አለ።

ነርሷ ከሥራዋ ጨመረችበት። «ድንገተኛ ክፍል ለሊቱን ተኝቶ እንዲታይ ያደረግነው ሰው ጠዋት ደህና ሆኖ ሲሄድ፣ አልጋ አባከንሽ ያለኝ ሰው የለም። ደህና መሆኑን ያወቅነው ስላየነው ነው።» ልጆቹ ይህን ከእኔ ጥያቄ ሁሉ በላይ ያዙት መሰለኝ።

መሪዋ እንባዋን በስካርፏ ጠረገች። መሪነቱን አልተወችም፤ የትምህርት ዓመቱ እስኪያልቅ መራች።

ከአባትየው ጋር ለብቻችን ተነጋገርን። «እኔ በሰኔ ሜዳ ላይ ከብት ስጠብቅ ነው ያደግኩት። አንድም ቀን አልነካኝም» አሉኝ።

«እርስዎን እግዜር ጠብቆልናል፣ ጋሼ። በአገርዎ የተመታ እረኛ አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ» አሉ። «የጎረቤታችን ልጅ። ከነበሬው።» ስለዚያ ከዚህ በላይ አልተናገሩም።

የከነከናቸው ግን መብረቁ አልነበረም። ልጅ ታላቁን ሰው በልጆች ፊት አይሆንም ማለቷ ነው። ይህን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም፤ እኔም ያደግኩት ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫዬ እየተነሣሁ ነው፣ ልጆቼም እንዲሁ እንዲያድጉ እፈልጋለሁ። ግን ያቺ ልጅ ምን አጎደለች? ጋሼ ብላ ጠርታለች። በአንቱታ ተናግራለች። ይቅርታ ጠይቃለች። ያልተወችው ውሳኔዋን ብቻ ነው፤ ውሳኔው ደግሞ የስድስት ልጆች ነፍስ ነበር። አክብሮት በአነጋገር ይገለጻል፤ ያየኸውን አደጋ ለታላቅ ብለህ መዋጥ ግን አክብሮት አይደለም። ይህንኑ ለእሳቸው ነገርኳቸው፤ ከእኔ ጋር ሙሉ በሙሉ የተስማሙ አይመስለኝም። ቢሆንም ከወር በኋላ ድስቱን ለመሸከም መጥተዋል።

ልጆቹ ያን ሰሞን በማስታወሻቸው አንድ ደንብ ጻፉ። ከመካከላችን ማንም «እንመለስ» ካለ እንመለሳለን፤ ለምን ብለን የምንጠይቀው ታች ከደረስን በኋላ ነው። አንዳንድ ወላጆች «ይሄንማ ሰነፉ ሁሉ ይጫወትበታል» አሉ። ፍርሃታቸው መሠረት የለውም አልልም። በኋላ በእንጦጦ ጉዞ ላይ አንዱ ልጅ ተራራው ሲከብደው «እንመለስ» አለ፤ ተመለስን። ክብ ስንሠራ «ደክሞኝ ነው» አለ። ማንም አልሳቀበትም። ጫማውን ሲያወልቅ ተረከዙ ተልጦ ደም ይዟል። ከዚያ ወዲህ ከመነሣታችን በፊት ጫማ የሚያይ ኃላፊ አለ፤ እሱንም ልጆቹ ናቸው የሾሙት።

ዋሻ ሚካኤልን ገና አላየነውም። ከመስቀል በኋላ፣ ሰማዩ ሲጠራ ለመውጣት አቅደዋል። አሁን ያለብን ችግር የሰው ነው። ነርሷ የለሊት ተራ ሲደርሳት ሴት ረዳት አይኖረንም፤ ሴት ረዳት ከሌለ ደግሞ ጉዞው ይሰረዛል፣ ይህም የማንደራደርበት ነው። መምህርት ብትሆን፣ ነጋዴ ብትሆን፣ የቤት እመቤት ብትሆን ግድ የለም። ተራራ መውጣት ካልለመደች ልጆቹ ያለማምዷታል። ከእሷ የምንፈልገው ቅዳሜዋን እንድትሰጠን፣ የ15 ዓመት ልጅ ስትናገርም ቆም ብላ እንድታዳምጥ ነው።