ቀጥ ብሎ የሚመጣው ነፋስ

የዜና ትርጉም አንዳንዴ ያናድደኛል። ሃሪኬን ሲመጣ አውሎ ነፋስ፣ ቶርኔዶ ሲነሳ አውሎ ነፋስ፣ ሳይክሎን ሶማሊያን ሲመታም ያው አውሎ ነፋስ። እኛም ጎጃም ውስጥ ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ገና ሊጀምር ሲል፣ ድንገት የመጣ ነፋስ የሰው ቤት ቆርቆሮ ገንጥሎ ሲወስድ ስሙ ያው ነው።

አውሎ የግዕዝ ቃል ነው፤ ነቢዩ ኤልያስ ወደ ሰማይ የወጣው በዐውሎ ነፋስ ነው። እኔ ግን አውሎ ሲባል ቶሎ የሚታየኝ የሚሾረው ነው። በበጋ፣ ቀትር ላይ፣ ከታረሰ መሬት አቧራና ገለባ እያሽከረከረ ሽቅብ የሚወጣው፤ እናቶቻችን «ሰይጣን አለበት» ብለው የሚያማትቡበት። ቆርቆሮ የሚገነጥለው ግን ብዙ ጊዜ አይሾርም። ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ ገፍቶ ነው የሚሄደው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቀጥተኛ ነፋስ፣ ያውም በጣም ግዙፍ ለሆነው፣ አሜሪካኖች የራሱ ስም አላቸው፤ ደሬቾ። ቃሉ የስፔን ቋንቋ ነው፣ «ቀጥ ያለ» ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ጉስታቭስ ሂንሪክስ የሚባል፣ ከአውሮፓ ሄዶ አዮዋ የምትባል የአሜሪካ ግዛት ላይ የከተመ የኬሚስትሪና የፊዚክስ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1877 አዮዋን ያቋረጠውን ኃይለኛ ነፋስ አጥንቶ፣ በ1888 ባወጣው ጽሑፍ ይሄ ቶርኔዶ አይደለም አለ። ቶርኔዶ የሚለው ስም መዞርን ስለሚያስታውስ ተቃራኒውን ከዚያው ቋንቋ መረጠለት። የሚገርመው፣ ይሄው ሰው በ1867 የኬሚስትሪ ንጥረ ነገሮችን በጥምዝምዝ መስመር የደረደረ ሰው ነው! ደሬቾ የሚለው ስም ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ተረስቶ ቆየና በ1987 ሁለት ተመራማሪዎች መልሰው አነሱት።

የነፋሱ አነሳስ በእኛም አገር ያው ነው። ከደመናው የሚወርደው ዝናብ መንገድ ላይ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ቁልቁል ይወርዳል፤ መሬት ሲነካ መሄጃ ስለሌለው ወደ ጎን ይፈሳል። ዶፉ ከመድረሱ በፊት ፊታችንን የሚመታው ቀዝቃዛ ነፋስ እሱ ነው። የእኛው አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ደመና ሥራ ስለሆነ አንድ ሁለት ቀበሌ አወዛውዞ ያልፋል። ደሬቾ ለመባል ግን ደመናዎቹ ተሰልፈው እርስ በርስ እየተመጋገቡ መሄድ አለባቸው፤ ጉዳቱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መዝለቅ፣ ነፋሱም በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር መድረስ አለበት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 2020 አዮዋን የመታው ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል። ስንት ሄክታር በቆሎ ነው መሬት ላይ ያስተኛው! የበቆሎ አገር ሰው ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ ከፈረሰው ቤት ይልቅ የማሳው ፎቶ ነው ያንገበገበኝ።

ስለዚህ ፌስቡክ ላይ «ደሬቾ ጎጃም ገባ» ብላችሁ እንዳትለጥፉ። የሾረውን ከቀጥተኛው ለመለየት ከፈለጋችሁ ግን ባሕር ዛፉን እዩ። የወደቀው ሁሉ ራሱን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርጎ ከተኛ ነፋሱ ቀጥ ብሎ ነው የመጣው። አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ተጠማዝዞ ከተቆላለፈ ግን የዞረ ነገር አልፎበታል።

ለቀጥተኛው በአማርኛ የራሱ ስም ቢኖረው ደስ ይለኛል። በእናንተ አገር ምን ይባላል? ወጨፎ እንዳትሉኝ ብቻ፤ ወጨፎ ነፋስ እየገፋ በበር የሚያስገባው ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮ አይገነጥልም።