ካባው ከመውረዱ በፊት

የነሐሴ ዝናብ አንዳንዴ ሰውን ያለ ምክንያት ያስተክዛል። ዛሬ የሆነ ነገር የለም። ያስቀየመኝም ያስቀየምኩትም ሰው የለም፤ ሥራውም እንደ ወትሮው ነው። ብቻ ከምሳ በኋላ ሆዴ ባባና እንደዚያው ቀረ። መብራት ሲመጣ ትንሿ «ያን ትልቁን ፀጉራሙን ክፈችልኝ» አለች። ከፍቼላት ልነሳ ስል እዚያው አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ቶቶሮን፣ የጃፓኑን የካርቱን ፊልም ማለቷ ነው። እኛ ቤት ገብቶ ሳያየው የወጣ ሰው ስለሌለ ታሪኩን አልደግምላችሁም። እኔ የምወደው የአውቶቡስ ፌርማታውን ነው። ዝናብ ነው፣ መሽቷል፣ ታናሽየዋ እህቷ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ያ ግዙፍ ፍጡር መጥቶ አጠገባቸው ይቆማል፤ ከዝናቡ የሚከልለው ራሱ ላይ ያደረጋት አንዲት ቅጠል ብቻ ናት። ልጅቷ ለአባቷ ያመጣችውን ጃንጥላ ትሰጠዋለች። ከዛፍ ላይ ጠብታ ወርዳ ጃንጥላውን ጧ ስታደርገው ይደነግጣል፤ ከዚያ ደስ ይለዋል፤ ከዚያ ሌላዋን ጠብታ ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ዘሎ መሬቱን ሲመታው ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው ውሃ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ፊልሙን የሠራው ሚያዛኪ ለዚህች ነገር ጊዜ ሰጥቷታል። ማንም አይጮህም፣ የሚያሳድድም የሚሳደድም የለም። ለልጆች ተብሎ በተሠራ ፊልም ውስጥ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ብዙ አላየሁም።

ዛሬ ግን ዓይኔ ያረፈው አባትየው ላይ ነው። ትንሿ ልጅ አየሁት ብላ ስትምል፣ መንገዱንም ስታጣውና ስትናደድ፣ ሰውየው «ሕልም አይተሽ ነው» አይላትም። የጫካውን ጌታ አግኝተሽው ይሆናል፣ ዕድለኛ ነሽ፣ ሁልጊዜ ግን አይገኝም ይላታል። ከዚያ ሁለቱንም ይዞ ወደ ትልቁ የካምፎር ዛፍ ይወጣል። የተማረ ሰው ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፤ ግን ዛፉ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆምና ጎንበስ ብሎ ስለ ልጁ ያመሰግናል። ጃፓኖች መንፈስ ያደረበትን ዛፍ ወገቡን በገመድ አስረው ያከብሩታል፤ አባትየው ለልጆቹ ያስተማራቸው ይህንኑ ነው፣ ያለ ብዙ ንግግር።

እማማ ብታየው አይገርማትም ነበር። ግንቦት ልደታ ሲመጣ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ንፍሮና ቡናዋን ይዛ አድባር ሥር የምትወጣ ሴት፣ ዛፍን ማመስገን ምን ያስደንቃታል? እንደውም «ይኼ ሰው ያደገ ነው» ትለው ነበር።

ትለው ነበር። ይህን «ነበር» ሳስበው ፊልሙን ማየቴን አቆምኩ። ትንሿ ብቻዋን ስትስቅ ይሰማኛል፣ እኔ ግን ሌላ ቦታ ሄጃለሁ።

እማማ እንዴት ሰው መርሳት እንደጀመረች ታውቃላችሁ። ክረምቱ ሲገባ ታላቄ ሐሳብ አመጣችና ግድግዳው ላይ ካሉት ፎቶዎች ሥር ስማችንን በትልቁ ጻፍን። እማማ ዳዊት ስትደግም የኖረች ሰው ናት፤ ንባቡ አልጠፋትም። ባለፈው እሑድ ከፎቶዬ ፊት ቆማ ስሜን ፊደል በፊደል፣ ሳትሳሳት አነበበችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለችና «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። በትሕትና ነው የጠየቀችኝ፤ እንግዳ እንደሚጠየቅ።

ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው «ስፒሪትድ አዌይ» በተባለው ፊልም ውስጥ ትንሿ ልጅ ቺሂሮ የመናፍስቱ መታጠቢያ ቤት ስትቀጠር፣ ጠንቋይዋ ዩባባ ውል ታስፈርማታለች። ልጅቷ ስሟን ስትጽፍ ዩባባ እጇን ከወረቀቱ በላይ ትዘረጋለች፤ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ከወረቀቱ ላይ ተነስተው መዳፏ ውስጥ ይገባሉ። የቀረው አንድ ፊደል ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ትጠሪያለሽ ትላታለች። ማግስቱን እዚያ የሚረዳት ልጅ ሃኩ ልብሷን ደብቆ ሲያመጣላት፣ ለስንብት የተሰጣት ካርድ አብሮ አለ። ካርዱ ላይ ስሟን ስታነበው ነው ስሟ መሆኑ ትዝ የሚላት። አንድ ሌሊት ብቻ አልፎ ሊጠፋት ምንም አልቀረውም ነበር። ቀጥሎ ሃኩ የሰጣትን የሩዝ ድብልብል እየበላች የምታለቅሰውን ለቅሶ ያየ ሰው አይረሳውም፤ እንባው ጉንጯን ከሞላው ምግብ ይበልጣል።

ሃኩም ራሱ ስሙን የተቀማ ነው። የወንዝ መንፈስ ነው፤ ወንዙ ተደፍኖ የመኖሪያ ሕንፃ ተሠርቶበታል። መመለሻ ቦታ የለውም። ስሙን የምትመልስለት ቺሂሮ ናት፣ ልጅ ሳለች የወደቀችበትን ወንዝ ስም አስታውሳ። እንግዲህ እዚያ ተረት ውስጥ ሰው የረሳውን ሌላ ሰው ይይዝለታል። ከጎንህ አንድ የሚያስታውስ ካለ አልጠፋህም።

ይህን ለራሴ ስነግረው ቆይቻለሁ። እኛ እንይዝላታለን እያልኩ። ግን ያ ተረት የእማማ እንዳልሆነ ዛሬ ገባኝ። የእማማ ተረት የካጉያ ነው።

ካጉያን ከእናንተ ያዩት ጥቂቶች ናቸው መሰለኝ። ታሪኩ ጃፓን ውስጥ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲነገር የኖረ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ቀርከሃ ቆራጭ የሚያበራ ቀርከሃ ውስጥ መዳፍ የማትሞላ ልጅ ያገኛል። እሱና ሚስቱ ያሳድጓታል፤ ሳይታሰብ በፍጥነት ታድጋለች። በኋላ የጨረቃ ሰው መሆኗ ይታወቃል፤ ሙሉ ጨረቃ በወጣችበት ሌሊት ሊወስዷት ይመጣሉ። ፊልሙን የሠራው ኢሳኦ ታካሃታ ነው፣ የሚያዛኪ የረጅም ዘመን ባልደረባ። ዓመታት ፈጅቶበት እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ፤ የመጨረሻ ፊልሙም እሱ ሆነ፤ በ2018 በ82 ዓመቱ አረፈ። ሥዕሉ በከሰልና በውሃ ቀለም የተነካካ ይመስላል፤ ዳር ዳሩ ባዶ ነጭ ወረቀት ነው።

ሰው ሁሉ የሚያነሳው የሩጫውን ትዕይንት ነው። ስም ሊወጣላት በተደገሰው ድግስ ላይ ሰካራም መኳንንት ሲያሟት ትሰማለች። በሮቹን እየበረገደች ትወጣለች፤ የደራረበችውን የሐር ልብስ ከላይዋ እያወለቀች፣ መንገዱ ላይ እየጣለች ወደ አሳደጋት ተራራ ትሮጣለች። መስመሮቹ ይሰባበራሉ፣ ፊቷ የከሰል ጭረት ይሆናል፣ በላይዋ ጨረቃ ብቻ። አያችሁ፣ እዚያ ጋ ልብሱን የምታወልቀው እሷ ናት። መጨረሻ ላይ ግን ልብስ ያለብሷታል።

የጨረቃ ሰዎች ሲመጡ ጦረኞቹ የወረወሩት ቀስት አበባ ሆኖ ይወድቃል። ከዘማቾቹ መሣሪያ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሙዚቃው ነው። ጆ ሂሳይሺ ለዚያ ሰዓት የለቅሶ ዜማ አልጻፈለትም፤ የሠርግ የሚመስል፣ ከሐዘን ጋር ምንም ትውውቅ የሌለው ደስ የሚል ጨዋታ ነው። አንዷ አገልጋይ የላባውን ካባ ይዛ ትቀርባለች። ይህን ካባ የለበሰ የምድርን ነገር ሁሉ ይረሳል፣ ጭንቀትም አይቀረውም፤ ከምድር እድፍ ትነጻለሽ ትላታለች። ካጉያ ምድር እድፍ አይደለችም፣ እዚህ ደስታም ሐዘንም አለ፣ ወፉም ሣሩም፣ የሰውም ፍቅር አለ እያለች ሳትጨርስ ካባው ትከሻዋ ላይ ያርፋል። ንግግሯ መሐል ላይ። ፊቷ ባዶ ይሆናል። አባትና እናቷ ፊቷ ተደፍተው ያለቅሳሉ፤ እሷ ግን በቀስታ ዞራ ትሄዳለች።

የጥንቱ ጽሑፍም ካባውን ስትለብስ ለሽማግሌው የነበራት ሐዘኔታ ጠፋ፣ ሰረገላው ላይ ወጥታ ሄደች ይላል። ታካሃታ ግን አንድ ነገር ጨመረ። ወደ ጨረቃ እየሄደች ሳለ ዞራ ምድርን ታያለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ከዚያም በፊት ያስቀመጠው አለ። ካጉያ ጨረቃ ላይ ሳለች ከምድር የተመለሰች አንዲት ሴት ታያለች። ሴትየዋ ካባውን ለብሳለች፣ ምንም አታስታውስም፤ ግን አንድ ዘፈን ስታንጎራጉር እንባዋ ይወርዳል። ለምን እንደምታለቅስ ግን አታውቅም።

እማማ መጀመሪያ ላይ የሞተውን ልጇን፣ ጋሼን ትጠይቅ ነበር። «ዛሬ አልመጣም?» ስትለን እውነቱን እንነግራት ነበር፣ እሷም ያን ቀን እንደተረዳች ሆና ታለቅሳለች፤ ደረቷን ትመታለች። በማግስቱ ደግሞ እንደ አዲስ። ታላቄ በቃ ብላ ከለከለችን። ከዚያ በኋላ «ይመጣል» እንላት ነበር። አሁን ከፋሲካ ወዲህ ጭራሽ አትጠይቅም። የሚጠይቁን ጎረቤቶች «እግዜር ገላገላት» ይላሉ። የልጅ ሞት እንዲህ ካልሆነ በምን ይረሳል? ልክ ናቸው ይሆናል። ፊቷ አርፏል፤ በደንብ ትተኛለች። ካባው የያዘውን ምሕረት አልክድም።

ግን ካጉያ ለማለት የፈለገችው ያንን ነበር መሰለኝ። ሐዘኑ ብቻውን አይሄድም፤ የሚያዝኑለትን ሰውም ይዞት ይሄዳል። እማማ ጋሼን ከመቅበሯ ጋር አብራ መውለዷንም ረስታለች።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በካጉያ ፊልም ውስጥ የቀርከሃ ቆራጩ አባት ድምፅ፣ በኋላ ዩጂ ሚያኬ ከሞላው ጥቂት ቦታ በቀር፣ የተዋናዩ የታኬኦ ቺ ነው። ድምፆቹ የተቀረጹት ሥዕሉ ከመሠራቱ በፊት ነበር፣ ሥዕሉ የተዋናዮቹን ንግግር እንዲከተል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2012 አረፈ፣ ፊልሙን ሳያየው። ያ አባት በፊልሙ የሚናገርበት ድምፅ እንግዲህ በአብዛኛው የሟች ድምፅ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የስንብቱን ቦታ ደረቴን ሳልይዝ አላየውም።

ለእኔም ስልኬ ውስጥ አንድ የጋሼ ድምፅ አለ። የመጨረሻው የገና ዋዜማ ለእማማ የላከው ነው፤ እሷ ስልክ ስለማትነካ በእኔ በኩል ላከው። «እናቴ፣ እንደምን አመሸሽ፣ ነገ በጠዋት እመጣለሁ፣ ቡናው እንዳይፈላ ጠብቂኝ» ይላል፤ ከኋላው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ያኔ አሰምቻት ስቃ ነበር።

መስከረም ላይ ሙት ዓመቱ ነው። ቤቱ ሰው ይሞላል፣ ስሙ ይነሳል፣ እማማም መሐል ላይ ትቀመጣለች። ታላቄ ከእንግዶቹ ለይተን ጓዳ እናስቀምጣት ትላለች። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ማንም በሌለበት አንድ ማታ፣ ድምፁን በጆሮዋ ላስጠጋላት እላለሁ። ምናልባት እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሰምታ ዝም ትል ይሆናል። ምናልባት ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ታለቅስ ይሆናል። ያ እንባ የእሷ ነው፣ ወይስ እኔ ለራሴ ስል ያስለቀስኳት? ላሰማት?