ሂታቺ፦ ጭሱ ወዴት ይሂድ?

ሂታቺ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው ኤክስካቫተር ነው። የመንገድ ሥራ ባለበት ብርቱካናማው ማሽን ስሙን ጎኑ ላይ ለጥፎ ሲቆፍር ይውላል። ስሙ ግን መጀመሪያ የቦታ ነበር፤ ከቦታው ወደ መዳብ ማዕድኑ፣ ከማዕድኑ ወደ ኩባንያው ተሻገረ። ዛሬ ስለ ከተማዋ ልጻፍ፤ በተለይ ከመቶ ዓመት በፊት ስላስጨነቃት ጥያቄ። በተራራና በባሕር መሃል በተጣበበ መሬት ላይ ምድጃ ሲነድድ ጭሱ ወዴት ይሂድ? (ዓመታቱም ወራቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሂታቺ ከቶኪዮ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በኢባራኪ ክፍለ ግዛት፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ትገኛለች። በጆባን መስመር ፈጣን ባቡር ከቶኪዮ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በስተምዕራብ የአቡኩማ ተራሮች የደቡብ ጫፍ አለ፤ በስተምሥራቅ ገደልና ውኃ። ሜዳ የሚባለው ጥቂት ስለሆነ የባቡር ሐዲዱ፣ 6 ቁጥር አውራ ጎዳና፣ ፋብሪካውና መኖሪያው ከሰሜን ወደ ደቡብ ተጠጋግተው ተደርድረዋል። የፍጥነት መንገዱማ ሜዳው ላይ ቦታ አጥቶ በተራራው ውስጥ ከዋሻ ዋሻ እየገባ ያልፋል።

ይህች ጠባብ መሬት ከተማ ልትሆን የቻለችው በመዳብ ነው። መዳቡን የያዘው ዐለት በጃፓን ከሚታወቁት እጅግ ጥንታውያን አንዱ ሲሆን ዕድሜው ከ500 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። አካዛዋ ይባል የነበረውን አነስተኛ ማዕድን ኩሃራ ፉሳኖሱኬ በ1905 ገዝቶ የሂታቺ ማዕድን አለው። ኩሃራ ቀድሞ በአኪታ በሚገኘው የኮሳካ ማዕድን ይሠራ ስለነበር ባለሙያዎቹን ከዚያው አስከትሎ መጣ። በ1908 ማቅለጫው ከተራራው ወረድ ብሎ ዳዮዪን በተባለ ሸለቆ ውስጥ ተተከለ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ድንጋዩ ከላይ ይወርዳል፣ ከታች ደግሞ የኩባንያው የኤሌክትሪክ ባቡር ማቅለጫውን ከዋናው የባቡር ጣቢያ ያገናኘዋል፤ ስለዚህ ከሌላ ቦታ የተገዛ ማዕድንም እዚያው ሊቀልጥ ይችላል። ለሥራው ምቹ ነበር። ለጭሱ ግን ከዚያ የባሰ ቦታ መፈለግ ይከብዳል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በድንጋዩ ውስጥ መዳቡ ብቻውን አይገኝም፤ ከብረትና ከድኝ ጋር ተዋህዷል። ምድጃ ሲገባ ድኙ ተቃጥሎ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህ ጋዝ ደግሞ ከአየር በእጥፍ በላይ ይከብዳል። ትኩስ ሳለ ወደ ላይ ይነሳል፤ ከቀዘቀዘ ሸለቆ ለሸለቆ ይወርዳል። ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆንና የታችኛው መነሳት ያቅተዋል፤ ጭሱም እዚያው ተኝቶ ያድራል። ጠል ወይም ጭጋግ ካገኘ ከእርጥበቱ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል። ቅጠል ላይ ሲያርፍ በጅማቶቹ መካከል ነጣ ያለ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ነጠብጣቡ እየሰፋ ቡናማ ይሆናል፤ በመጨረሻ ቅጠሉ ይረግፋል። ቀን ላይ ደግሞ ከባሕር የሚነሳው ነፋስ ጭሱን ወደ ተራራው ስለሚገፋው፣ ከተራራው ወዲያ ያሉት የገበሬ መንደሮች ሰብላቸውም ደናቸውም ተቃጠለባቸው።

በ1911 ሕዝቡ "መቶ እግሩ" ያለው ጭስ ማውጫ ተሠራ። ተራራውን ተንተርሶ የሚወጣ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝምና ብዙ ቀዳዳ ያለው ቦይ ነበር። ጭሱ በብዙ ቦታ ተከፋፍሎ ቢወጣ ይሳሳል ተብሎ ታሰበ። ቀዳዳዎቹ ግን ሁሉም ለመሬት ቅርብ ነበሩና ጭሱ ሳይሳሳ ብዙ ቦታ አዳረሰ።

የ1913ቱ ይበልጥ ያስተምራል። ጭሱ ከመውጣቱ በፊት በንጹሕ አየር ይበረዝ የሚል የመንግሥት ትእዛዝ መጣ። አጭርና ወፍራም ጭስ ማውጫ ቆመ፤ በትልልቅ ማራገቢያም አየር ተነፋበት። በወረቀት ላይ የጋዙ መቶኛ ቀነሰ። ነገር ግን ቀዝቃዛው አየር የጭሱን ሙቀት ወሰደው፤ ሙቀቱን ያጣ ጭስ ደግሞ ወደ ላይ አይሄድም። ከአፉ ወጥቶ እዚያው ሸለቆው ውስጥ ተከማቸ። የአገሩ ሰው "ቂሉ ጭስ ማውጫ" ብሎ ሰየመው። ትእዛዙ የለካው አፉ ላይ ያለውን ጋዝ ነበር፤ ገበሬው የሚጎዳው ግን እርሻው በሚደርሰው ነው።

ኩሃራ ከዚህ በኋላ የመረጠው ተቃራኒውን ነው፦ ጭሱ ሳይበረዝና ሳይቀዘቅዝ፣ በተቻለ መጠን ከፍ ብሎ ይውጣ። ቁመቱ 155.7 ሜትር የሆነው የአርማታ ጭስ ማውጫ በ1914 መጨረሻ ተጠናቆ በመጋቢት 1915 ሥራ ጀመረ። በጊዜው በዓለም የሚበልጠው አልነበረም። ብዙዎች የሚጠቅሱት ይህን ቁመት ነው፤ ለእኔ ግን የሚበልጠው ቁጥር ሌላ ነው። የቆመው ከባሕር ጠለል 325 ሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ስለሆነ አፉ 480 ሜትር ገደማ ላይ ይገኝ ነበር። ይህ ከፍታ ሸለቆው ውስጥ ከሚተኛው ቀዝቃዛ አየር በላይ፣ ሳይቆራረጥ ከሚነፍሰው የላይኛው ነፋስ ውስጥ ነው። ያው ጭስ ማውጫ ሸለቆው ግርጌ ቢተከል ኖሮ ውጤቱ ሌላ በሆነ ነበር።

ጉዳቱ በጣም ቀነሰ፤ አልጠፋም። ድኙ አሁንም ከሰማይ ወርዶ አንድ ቦታ ያርፋልና። ዝናው ሁሉ ለጭስ ማውጫው መሰጠቱን አልወደውም፤ የዕለት ተዕለቱ ሥራ ከዚያ አያንስም። ኩባንያው በካሚኔ ተራራ ላይ የአየር ሁኔታ መከታተያ አቆመ፤ የላይኛውን ነፋስ ለማወቅ ፊኛ ይለቀቅ ነበር። ነፋሱ ወደ እርሻ የሚዞርበት ቀን ሲሆን ምድጃው ላይ የሚጫነው ማዕድን ይቀነሳል። ሰብል ለተቃጠለበት ካሳ ይከፈላል። ከተራራው ወዲያ ያለችውን የኢሪሺከን መንደር ወክሎ የተደራደረው ሴኪ ኡማኖጆ ሥራውን የጀመረው ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሲሆን ለብዙ ዓመታት ቀጠለበት። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አሺዮ በተባለ ሌላ የመዳብ ማዕድን የተጎዱት ገበሬዎች አቤቱታቸው ንጉሠ ነገሥቱ እስከሚያልፉበት መንገድ ዳር ሲደርስ፣ እዚህ ክርክሩ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። የአየር ሁኔታ ሥራውም ከማዕድኑ ተርፎ ኖሯል፦ ከ1952 ጀምሮ ከተማዋ የራሷ የአየር ሁኔታ ቢሮ አላት፤ ይህ ለአንድ የጃፓን ማዘጋጃ ቤት እጅግ ብርቅ ነው።

ዛፉም የዚሁ ጥያቄ መልስ ነው። ለተራቆተው ተራራ ከተመረጡት ችግኞች ዋናው የኦሺማ ቼሪ ነበር። ዛፉ የሚበቅለው እሳተ ገሞራ ባለበት በኢዙ ኦሺማ ደሴት ሲሆን የድኝ ጭስ ይችላል። የኩባንያው የችግኝ ጣቢያ በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኝ አፈላ። ከ1917 ጀምሮ ደግሞ በኦሺማው ሥር ላይ ሶሜይ ዮሺኖ የተባለው የቼሪ ዓይነት እየተዳቀለ በሠራተኛ መንደሮችና በመንገድ ዳር ተተከለ። የዛሬዋ ሂታቺ በቼሪ አበባ መታወቋ የመጣው ከዚህ ነው።

ኩባንያው ሂታቺ የተወለደው ከማዕድኑ የጥገና ክፍል ነው። መሐንዲሱ ኦዳይራ ናሚሄይ በ1906 ሲቀጠር ሥራው ከውጭ የመጡትን ሞተሮች እንዲሠሩ ማቆየት ነበር። እርጥበት፣ አቧራና ከመጠን ያለፈ ጭነት ሞተሮቹን ቶሎ ቶሎ ያቃጥላቸው ስለነበር፣ የሽቦ ጥቅልሉን እየፈቱ መልሶ መጠቅለል ዕለታዊ ሥራ ሆነ። ደጋግሞ የጠገነ ሰው የት እንደሚበላሽ ያውቃል። በ1910 የራሳቸውን ባለ 5 ፈረስ ጉልበት ኢንዳክሽን ሞተር ሠሩ። ክፍሉ በ1920 ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። ማዕድኑ በ1981 ሲዘጋ ከተማዋ ያልሞተችው በእነዚህ ፋብሪካዎች ነው፦ ተርባይን፣ ትራንስፎርመር፣ የቤት ዕቃ፣ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት። በ1945 ግን ከሰኔ 10 እስከ ሐምሌ 19 ባሉት ቀናት ሦስት ጊዜ የተደበደበችውም በእነርሱ ምክንያት ነው፦ መጀመሪያ ከአውሮፕላን በከባድ ቦምብ፣ ቀጥሎ ከጦር መርከብ በመድፍ፣ በመጨረሻ በተቀጣጣይ ቦምብ። የሞተው ሰው ከአንድ ሺህ ይበልጣል።

አሁን ያለው ችግር የቦታ ነው። ጠዋትና ማታ የፋብሪካው ፈረቃ ሲለወጥ 6 ቁጥር መንገድ ይቆማል፤ ጎን ለጎን ሌላ መንገድ የሚቀየስበት ሜዳ ስለሌለ አንድ ግጭት ከተማውን ለሁለት ይቆርጠዋል። በ2005 የተዘጋው የሂታቺ ዴንቴትሱ ባቡር ሐዲዱ ተነቅሎ ለአውቶቡስ ብቻ የሚሆን መንገድ ሆነ። በ2013 የተከፈተው ይህ መስመር በ2018 እስከ ሂታቺ ታጋ ጣቢያ ተራዝሟል። የግል መኪና እንዳይገባበት መግቢያው ላይ መዝጊያ አለው። ብልህ መፍትሔ ነው ባይ ነኝ፤ አዲስ ሜዳ ሳይፈለግ መንገድ ተገኘበት።

ኢኮኖሚው ባደገበት ዘመን መኖሪያው ወደ ተራራው ወጣ። ቁልቁለቱ እየተደለደለ የተሠሩት ሰፈሮች ለወጣት ሠራተኛ ተስማምተው ነበር፤ ዛሬ ነዋሪው አርጅቷል፣ ዳገቱ ግን ያው ነው። ወጣቱ ሜዳና ርካሽ መሬት ፍለጋ ወደ ጎረቤት ከተሞች ሄደ። ከ200 ሺህ በላይ የነበረው ሕዝብ በ2020 ቆጠራ ወደ 174 ሺህ ወርዷል፤ ያውም በ2004 የጁዎ ከተማ ከተቀላቀለች በኋላ። ወንዞቹም አጭርና ቀጥ ያሉ ስለሆኑ የተራራው ዝናብ ባሕር እስኪደርስ ጊዜ አይሰጥም። በመስከረም 2023 በጣለው ኃይለኛ ዝናብ በቅርብ ዓመታት የተሠራው የማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት በውኃ ተሞልቶ መብራት ጠፋ። የኤሌክትሪክ መሣሪያ ምድር ቤት ማስቀመጥ ቦታ ይቆጥባል፤ ወንዝ ዳር ግን ዋጋው ይህ ነው።

መሄድ የሚፈልግ ካለ የሚያዝያ መጀመሪያ ይሻላል፤ ቼሪው የሚያብበው ያኔ ነው። የባቡር ጣቢያው በ2011 የተከፈተ፣ በሂታቺ ያደገችው አርክቴክት ካዙዮ ሴጂማ የነደፈችው የመስታወት ሕንጻ ነው፤ በባሕሩ በኩል ቆመው ሲያዩ ውቅያኖሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጣቢያውን ጀርባ ሰጥቶ በ36 ቁጥር መንገድ ሸለቆውን ሲወጡ ጭስ ማውጫው አለ፤ በየካቲት 19 ቀን 1993 ከላይ ሁለት ሦስተኛው ተንዶ የቀረው 54 ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ በቀድሞው ማዕድን ግቢ ውስጥ ማዕድኑ ከጉድጓድ ይወጣባቸው የነበሩት የብረት ማማዎች ከነጉድጓዳቸው የቆሙበት ሙዚየም ይገኛል። ተራራው ላይ አበባው ነጭ ሆኖ አረንጓዴ ቅጠል አብሮት ከወጣ ኦሺማ ነው፤ ቅጠል ሳያወጣ ሐመር ሮዝ ሆኖ ካበበ ሶሜይ ዮሺኖ። ወደዚያ የሚወጣው አውቶቡስ ጥቂት ስለሆነ የመመለሻውን ሰዓት ከመነሳት በፊት ማየት ይበጃል።