አንዴ ብቻ የሚመጣ መልእክት

ይሄ የደረሰብን ሚሊንግ (ብረት የሚቆርጥ) ማሽናችንን ከድሮው ኮንትሮለር አላቀን ወደ ሊኑክስ ሲኤንሲ፣ ማሽን በኮምፒውተር ወደሚቆጣጠረው ሶፍትዌር፣ ስናዞረው ነው። ኮምፒውተር የመምረጡ ነገር ለኔ ተሰጠኝ፣ ሃላፊያችንም "ለማሽን ስለሆነ ጠንከር ያለውን ውሰድ" አሉኝና ካሉት ውስጥ በጣም አዲሱን አነሳሁ፣ ፕሮሰሰሩ ፈጣን፣ ራሙ ብዙ፣ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ያለው። ለሞተሮቹ ትእዛዝ የሚወጣበት ፓራለል ፖርት ስላልነበረው ካርድ ጨመርኩለት፣ ሶፍትዌሩን ጫንኩ፣ ኮምፒውተሩ ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካውን ሌተንሲ ቴስት ከፍቼ ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ቁጥሩ ቆንጆ ነው ብዬ ዘጋሁት። ስህተቱ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስክሪኑ ላይ ያልተጠበቀ የሪልታይም (በሰዓቱ መድረስ ያለበት ሥራ) መዘግየት ተፈጥሯል የሚል መልእክት ብቅ አለ። ማሽኑ ግን እየሠራ ነው፣ ምንም አልሆነም። ኦፕሬተራችን "ይሄ ምንድነው?" ሲለኝ "ዝጋው፣ ቀጥል" አልኩት። ከዛ ቀኑን ሙሉ ሌላ መልእክት አልመጣም፣ እኛም አለፈ ብለን ተውነው። መልእክቱ እኮ ከስር በግልጽ ጽፎታል፣ በአንድ ሴሽን አንዴ ብቻ ነው የሚታየው፣ ሌተንሲ ቴስት አድርገህ ሳታስተካክል አትቀጥል ይላል፣ ማለትም ከዛ በኋላ መቶ ጊዜ ቢዘገይም ዝም ነው የሚለው። እኛ እስከ ታች አላነበብነውም።

ከሰዓት አልሙኒየም ላይ አራት ማዕዘን ጉድጓድ እየቆፈረ እያለ ኤክስ አክሲሱ በሙሉ ፍጥነት ሲመለስ ሞተሩ "ግርር" አለ፣ ሰከንድ አይሞላም፣ ወዲያው ለስላሳ ድምፁን ይዞ ቀጠለ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ልክ ነው። ሥራው ሲያልቅ ግን የጉድጓዱ ግድግዳ መሃል ላይ ደረጃ ሠርቷል፣ በካሊፐር ስንለካው 1.6 ሚሊሜትር ወደ ግራ ሸሽቷል። ኢንኮደር (ቦታውን የሚለካ መሣሪያ) የሌለው ስቴፐር ሞተር የት እንደደረሰ መልሶ አይናገርም፣ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የላከውን ፐልስ (ሞተሩን አንድ እርምጃ የሚያራምድ የኤሌክትሪክ ምልክት) እንጂ ሞተሩ የሄደውን አይደለም፣ ስለዚህ ስክሪኑን አምኖ መቀጠል ማለት የቀረውን ሥራ ሁሉ በ1.6 አዛብቶ መቁረጥ ነው።

ግማሽ ቀን የፈጀነው የተሳሳተ ቦታ ስንፈልግ ነው። ሞተሩን የሚነዳውን ድራይቨር ለወጥን፣ ሞተሩን ከአክሲሱ የሚያገናኘውን ካፕሊንግ ፈታን፣ ብሎኖቹን አጠበቅን። የሊኑክሱን እምብርት፣ ከርነሉንም አየሁ፣ ፕሪኤምፕት አርቲ የሚባለው የሪልታይሙ ነው የተነሳው። መጨረሻ ላይ ሌተንሲ ቴስቱን ከፈትኩና አሁን በደንብ አስጨነቅኩት፣ ቪዲዮ ከፈትኩ፣ ትልልቅ ፋይል ኮፒ አደረግኩ፣ ጂኤልኤክስጊርስ የሚባለውን የግራፊክስ መሞከሪያ አስሮጥኩ፣ መስኮቶችን ወዲያ ወዲህ ጎተትኩ። አስር ደቂቃ ያህል ከፍተኛው ጂተር (ከሰዓቱ መዛነፍ) 12,000 ናኖሰከንድ አካባቢ ቆየና ከዛ ድንገት 340,000 ሆነ።

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። የኛ ማሽን ለአንድ ሚሊሜትር 400 ፐልስ ይፈልጋል፣ በደቂቃ 3,000 ሚሊሜትር ሲሄድ በሰከንድ 20,000 ፐልስ ነው፣ ማለትም በየ50 ማይክሮሰከንዱ አንድ። ፓራለል ፖርት ላይ እነዚህን የሚተኩሰው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው። ለ340 ማይክሮሰከንድ (ያው 340,000 ናኖሰከንድ ማለት ነው) ከጠፋ ሰባት የሚጠጉ ፐልሶች በሰዓታቸው አይወጡም፣ በሙሉ ፍጥነት ላይ ያለ ሞተር ደግሞ እንደዛ ተቋርጦበት ስቴፕ (እርምጃ) ቢጥል አይገርምም። የሰማነው ግርር ይሄው ነው።

ባዮስ (የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ፕሮግራም) ገብቼ አንዱን ኮር እንደ ሁለት የሚያሠራውን ሃይፐርትሬዲንግ፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲፈታ የሚያሸልብበትን ሲ ስቴት፣ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ሁሉ አጠፋሁ፣ ግራፊክስ ካርዱንም ነቀልኩ። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ባዮሱ ለራሱ ጉዳይ፣ ለሙቀት ለፋን ምናምን፣ ፕሮሰሰሩን ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነጥቆ ይወስደዋል፣ ሊኑክስ ይሄን ሊያግደው አይችልም። ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ የማይመከርበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው። የኛም ከዛ ነው የመጣው ብዬ ደመደምኩና ኮምፒውተሩን ተውኩት።

ከዛ ከስቶር አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አወጣን፣ ሁለት ኮር ብቻ ያለው፣ ግራፊክሱም ፓራለል ፖርቱም ማዘርቦርዱ ላይ ያለ። አሁን ምንም ሳልጭን መጀመሪያ ከፍላሽ አስነስቼ ነው የሞከርኩት፣ ይሄን መጀመሪያም ማድረግ እችል ነበር። ደህና ሆኖ ሳገኘው ጫንኩት፣ አይሶልሲፒዩስ በሚለው የቡት ትእዛዝ ሁለተኛውን ኮር ለሪልታይሙ ብቻ ለየሁ፣ ቴስቱን ሌሊቱን ሙሉ ተውኩት። ጠዋት ስገባ ከፍተኛው 11,400። ፐልሱን ለሚያወጣው ቤዝ ትሬድ ከ20,000 ናኖሰከንድ በታች ከሆነ ጥሩ ነው፣ እና ሃላፊያችንም ቁጥሩን አይተው "በዚህ ቀጥሉ" አሉ።

ለሚቀጥለው ማሽን ሜሳ ካርድ እንዲገዛ ጠይቄያለሁ፣ ፐልሱን ካርዱ ራሱ ስለሚያወጣ ኮምፒውተሩ የሚጠበቅበት በየሚሊሰከንዱ የሚዞረውን ሰርቮ ትሬድ (እንቅስቃሴውን የሚያሰላውን ሥራ) ማድረስ ነው፣ መቶ ማይክሮሰከንድ ቢዘገይም ሥራ አይበላሽም። እስከዛ አሮጌው እየሠራ ነው። ኦፕሬተራችን አሁን መልእክት ሲመጣ ማሽኑን ያቆምና ይጠራኛል፣ እስከ መጨረሻው መስመር አብረን ሳናነበው አይዘጋውም።