ፒዲኤፉ ለምን ወፈረ?

ሎድ ቴስት (ሲስተም ብዙ ሰው ሲበዛበት ይችል እንደሆነ መፈተን) መማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴን ያዝኩ። የዚህ ሳምንት ወሬዬ ስለ አንድ ደረሰኝ ነው።

ቢሯችን ስታዲየም አካባቢ ነው። የምፈትነው ሲስተም ደንበኛው ሲከፍል ደረሰኙን በፒዲኤፍ ይሰጣል። እስካሁን የሞከርኳቸው ሁሉ ጄሰን የሚባል የዳታ ጽሑፍ የሚመልሱ ነበሩ። ጽሑፍ ስለሆነ የምፈልገው ቃል ውስጡ ካለ አለቀ። ፒዲኤፍ ግን ሌላ ጣጣ አለው።

መሣሪያዬ ሎከስት ነው። በፓይተን ስለሚጻፍ መረጥኩት እንጂ ስሙስ አንበጣ ማለት ነው፤ ለኛ አገር ሰው ደስ አይልም።

ሰኞ ዕለት 50 ተጠቃሚ አስመስዬ ለቀቅኩበት። ሁሉም 200 መለሰ፤ «ተሳክቷል» የሚለው የሰርቨር ኮድ ነው። ለማረጋገጥ ያህል አንዱን ምላሽ ፋይል ላይ ጽፌ ስከፍተው ባዶ ነጭ ገጽ! ያንኑ ደረሰኝ በብሮውዘር ሳወርደው 61 ኪሎባይት ነው፤ የኔው 110 ገብቷል።

ዴቨሎፐራችንን አምባሳደር ጋ ካፌ ውስጥ አገኘሁት። «ሰርቨርህ ሰው ሲበዛበት ፋይል ያበላሻል» አልኩት። ማኪያቶውን አስቀምጦ ስክሪፕቴን አየና፣ «ወንድሜ፣ ሰርቨሩን ተወው። ያበላሸኸው አንተ ነህ» አለኝ። በሰው ፊት ነው ደግሞ።

ስክሪፕቴ ውስጥ ምላሹን የወሰድኩት «ቴክስት» ከሚለው ነበር። እሱ የመጣለትን ባይት ሁሉ ፊደል ነው ብሎ ያነበዋል። ሰርቨሩ ከምላሹ ፊት በሚልከው መግለጫ (ሄደር) ላይም ዩቲኤፍ-8 የሚል የፊደል ኮድ ስም ተለጥፎ ስለነበር አመነው። ፒዲኤፍ ውስጥ ያለው የታመቀ ዳታ ግን ፊደል አይደለም። ማንበብ ያቃተውን ባይት ይጥልና በምትኩ ያቺን ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለች የጥያቄ ምልክት ይተካል። እሷ ብቻዋን 3 ባይት ትይዛለች፣ ልክ እንደኛ «ሀ»። 1 አውጥቶ 3 ሲያስገባ ፋይሉ ቢወፍር ምን ይገርማል? የተጣለው ባይት ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። መፍትሔው አንድ ቃል ነው፦ በ«ቴክስት» ፈንታ «ኮንተንት»። እሱ ባይቱን እንዳለ ይሰጣችኋል። ኬሲክስ በሚባለው ሌላ የሎድ ቴስት መሣሪያ የምትሠሩ ደግሞ ሪስፖንስ ታይፕ የሚለውን ባይነሪ አድርጉት፤ ካልነካችሁት ቴክስት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ፣ ፋይሉ ደህና መሆኑን በምን ልወቅ? መጀመሪያ ኤምዲ5 ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አሻራ) ሞከርኩ። ጄሜትር የሚባለው መሣሪያ ላይ ለዚህ የሚሆን ማረጋገጫ እንዳለ አውቃለሁ። ለኔ ግን አልሠራም። እያንዳንዱ ደረሰኝ የራሱ ቁጥርና ሰዓት ስላለው ሃሹም በየጊዜው ይለያያል። ለሎጎ ወይም ለማይቀየር ፎቶ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ስለዚህ ጫፍና ጫፉን ብቻ ማየት ጀመርኩ። ፒዲኤፍ ሲጀምር ባይቶቹ 37፣ 80፣ 68፣ 70፣ 45 ናቸው፤ የፐርሰንት ምልክት፣ የፒዲኤፍ ሦስት ፊደሎችና ሰረዝ። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ሁለት የፐርሰንት ምልክትና ኢኦኤፍ የሚል አለ። መጨረሻው ከጠፋ ፋይሉ መንገድ ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። ሙሉውን ፒዲኤፍ እየከፈትኩ ላንብብ ብል ላፕቶፔ ከሰርቨሩ በፊት ይደክማል።

ሐሙስ ተጠቃሚውን 200 አደረስኩት። አሁንም ሁሉም 200 መለሰ (ቁጥሩ መገጣጠሙ ያምታታል፣ ይቅርታ)። አንዳንዱ ምላሽ ላይ ግን የመጀመሪያው ባይት 37 መሆኑ ቀርቶ 60 ሆነ። 60 ምንድን ነው ብዬ ፈለግኩ። የኤችቲኤምኤል መክፈቻ ቅንፍ! ሰርቨሩ ሲጨናነቅ በደረሰኙ ፈንታ «ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ» የሚል ገጽ ይልካል፣ ያውም በ200 ኮድ። ሎከስት 200 ካየ አለፈ ብሎ ይመዘግባል። ማለፍ መውደቁን ራሴ እንድወስን የሚያስችለውን ካች ሪስፖንስ የሚለውን ከፍቼ፣ ባይቱ ካልገጠመ ወድቋል በል አልኩት። ያ ሁሉ አረንጓዴ ወዲያው ቀላ።

ወደ ዴቨሎፐሩ ስሄድ በዚህኛው ጊዜ አልሮጥኩም። 60ን አሳየሁትና ዝም አልኩ። እሱም ዝም ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ።

አሁን የያዝኩት የወሩን ደረሰኞች በአንድ ዚፕ የሚያወርደውን ነው። ዚፕ በ80፣ 75፣ 3፣ 4 ይጀምራል፤ እሱ አላስቸገረኝም። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ግን ስትሪም አድርጌው ነበር፤ በአንዴ ሳይሆን ቁራጭ በቁራጭ መቀበል ማለት ነው። የምላሽ ጊዜው በጣም አማረ። ለካስ ሎከስት የቆጠረው ሄደሩ እስኪደርስ ብቻ ነው። የማውረጃውን ጊዜ ራሴ ልቆጥረው ነው፤ ኮዱ ገና አላለቀም።