እናቴን ስትሮክ ሲመታት ያጠፋሁት ሰዓት

እናቴ ቡና ስትቀዳ ሲኒው ከቀኝ እጇ ወደቀ። ላንሳው ብትል እጇ እምቢ አላት። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ ምላሷም ተኮላተፈ። ከጧቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓቱን ግን አላየሁም።

ጎረቤት ተሰበሰበ። «ምች ነው» ተባለ። ዳማ ከሴ ተጨምቆ ቀረበላት፤ ስትጠጣ ትን አላት። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ሊያቅተው እንደሚችል፣ የጠጣው ወደ ሳንባው ሊገባ እንደሚችል የሰማሁት በኋላ ነው። «ያልባትና ይለቃታል» ብዬ አስተኛኋት። ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ ያስተኛኋት።

ሆስፒታል የደረስነው 5 ሰዓት ላይ ነው። ካርድ ክፍል ሰልፍ ያዙ አሉን። እናቴ በዊልቸር ላይ ወደ ጎን ተዘንብላ ብለምናቸውም መልሱ «ተራሽን ጠብቂ» ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ! ሐኪሙ ገና ሲያያት «መቼ ጀመራት?» አለ። ወንድሜ 2 ሰዓት አለ፤ እኔ 3። የጭንቅላት ውስጥ የሚያሳየው ምርመራ፣ ሲቲ ስካን፣ ታዘዘ፤ ማሽኑ ተበላሽቷልና ውጭ አስነሱ ተባልን። ተነሥታ ስንመለስ 10 ሰዓት ሆነ።

የጭንቅላቷን ደም ሥር የረጋ ደም ዘግቶታል። የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በየሆስፒታሉ እንደማይገኝ አውቃለሁ። እኛ ግን ለመጠየቅ እንኳ አልደረስንም። ያ የካርድ ሰልፍ ዛሬም ያንገበግበኛል።

መንስኤው ግፊት ነው። አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ኪኒን ታዞላት «ተሽሎኛል» ብላ ትታው ነበር። ግፊት ሳያምም ይጎዳል። አሁን ኪኒኑን በእጄ ነው የምሰጣት።

907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጠብቁ ይባላል። ደውሉ፤ ደጃችሁ ላይ መኪና ካለ ግን አትጠብቁ። አንዳችሁ መንገድ ላይ እየደወላችሁ ሲቲ ስካኑ የሚሠራ ሆስፒታል አጣሩ። የጀመረበትን ሰዓት እጃችሁ ላይ ጻፉት። አስፕሪን ስጡ የሚላችሁን አትስሙ፤ ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈስሶ ከሆነ ያባብሰዋል። ያ የሚለየው እንደ ሲቲ ስካን ባለ ምርመራ ነው።

ፊዚዮቴራፒ ወዲያው ጀመርን። የደከመውን እጅ ጎትታችሁ አታንሡ፤ ትከሻው ይጎዳል። ቤት ውስጥ ምስር እያስለቀምኩ ጣቶቿን አሠራታለሁ። መጀመሪያ አንዲት ፍሬ ማንሣት አቅቷት ታለቅስ ነበር። አሁን አንድ ሰሐን ለቅማ «ሌላ አምጪ» ትለኛለች።