ግቢያችሁ ውስጥ ወፍ ለመቅረፅ ካሰባችሁ ይህን አንብቡ

አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምኖረው። ግቢዬ ውስጥ የወፍ ገበታ ሠርቼ የሚመጡትን በቪዲዮ እቀርፃለሁ። ስለ ሌንስና ስለ እህል የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። ስለ ጥበቃና ስለ ቢሮ ግን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ገበታው በምሰሶ ላይ የተመታ ጣውላ ነው። ድመት እንዳታደባ ከአጥርና ከቁጥቋጦ ራቅ ይበል። ኑግ፣ ማሽላና ክክ ስንዴ ይበቃል። ፈረንጆች ኑጉን ከእኛና ከህንድ እየገዙ ለጓሮ ወፎቻቸው ይሰጣሉ፣ እኛ ደጃችን ላይ እያለን ዳቦ እንበትናለን። ዳቦ ተዉት። ሥጋ ደግሞ በፍጹም፤ ጭልፊት ከለመደ ድንቢጦቹ ይጠፋሉ። ፓፓያ ብትቆርጡላቸው ጅራተ ረጅሞቹ ወፎች ተንጠልጥለው ሲበሉ ታያላችሁ። በበጋ ዝርግ ሳህን ውሃ ከእህሉም ይበልጣል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ብርሃን ምርጥ ነው፣ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሁን።

አሁን ወደ ዋናው።

አንድ ጠዋት ተከዜ የሚባለው አበባ ቀሳሚ ወፍ፣ በወንዙ ስም የተጠራው ማለት ነው፣ ከሬቱ አበባ ተነስቶ ውሃው ሳህን ጠርዝ ላይ አረፈ። ወንዱ ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ወይን ጠጅ ሆኖ ያብረቀርቃል። ያን ቅፅበት ያዝኩት። ብዙም ሳይቆይ የግቢው በር ተንኳኳ። ጎረቤት ካለ መሥሪያ ቤት የመጡ ጥበቃዎች ናቸው። ከፎቃቸው ላይ ትልቁን ሌንስ አይተዋል።

"ማን ፈቅዶልህ ነው?" አለኝ አንደኛው።

"ወንድሜ፣ ወፍ ነው የምቀርፀው፣ ና እየው" አልኩት። ሊያይ አልፈለገም። ሜሞሪውን አውጥቶ ወሰደው። ካሜራው የዞረው ወደ ራሴ ግንብ ነበር፤ ከግንቡ ውጭ አንድ ነገር አይታይም። ይህን ለማየት አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ያቃጠለኝ። የመቅረፅ ፈቃድ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። አንዱ ቢሮ ሄድኩ፣ ይህ የእኛ ሥራ አይደለም አሉኝ። ወደ ሌላ መሩኝ፣ እዚያም ድርጅት ከሆንክ ነው እንጂ ለግለሰብ አንጽፍም ተባልኩ። ሦስተኛው ጋ ያሉት ሴትዮ በትህትና አዳመጡኝና "ልጄ፣ ለወፍ ደብዳቤ የሚጽፍልህ የለም፣ ግን ያለ ደብዳቤ አትቅረፅ" አሉኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? ስል መልስ የለም። ሜሞሪው በመጨረሻ ተመለሰልኝ፣ ባዶውን። ማን እንዳጠፋው የሚናገር አልተገኘም። ፋይል መመለሻ ፕሮግራምም ሞከርኩ፣ የተገኘ ነገር የለም። ተከዜው አሁንም ሬቱ ላይ ይመጣል፤ ሳህኑ ላይ ግን ደግሞ አላየሁትም። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ደብዳቤ አምጡ ከሚሏችሁ ጋር አልስማማም። በገዛ ግቢያችሁ ለምትቀርፁት ወፍ ደብዳቤ ፍለጋ ጊዜ አታባክኑ። ይልቅ ካሜራው ሳይወጣ በፊት ጎረቤቶቻችሁንና በአካባቢው ያሉትን ጥበቃዎች አናግሩ፣ የቀረፃችሁትን በስልክ አሳዩአቸው። እኔ ዛሬ ከጥበቃዎቹ ጋር ሰላም ነኝ፤ ፈረቃ የሚቀይሩት እንኳ "ዛሬ ምን መጣ?" ይሉኛል። ያ አንደኛው ግን ይቅርታ አላለኝም፣ እኔም አልረሳሁትም።

ካሜራውን ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ግንብ አዙሩት፣ ሰማይና ፎቅ አታስገቡ። ግንቡ ላይ ተክል ካለ ምስሉም ያምራል። ትልቅ ሌንስ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል፤ እኔ አሁን ስልኬን ገበታው አጠገብ አስሬ ከቤት ውስጥ በብሉቱዝ ነው የማስነሳው። ድንቢጦቹ ቶሎ ይለምዱታል፣ ዋኖሶቹ ትንሽ ይቆያሉ። ጥሩ ነገር የያዛችሁ ቀን ደግሞ በር ከመክፈታችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ ገልብጡት።